ዝተት የለበሰው ሞተር

«ግፊ! ግፊ እንጂ ልጄ!»

ፅዮን እየገፋች ነው። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? ሁለት እጇን የሞተሩ የኋላ መቀመጫ ላይ ተክላ፣ የደብተር ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እየዘለለ፣ ውርጭ ባነጣው ቁልቁለት ትንደረደራለች። አባቷ አቶ ባስልዮስ ሞተሩ ላይ ተቀምጠው ማርሽ ያስገባሉ። ሞተሩ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ አንዴ ያስልና ጭጭ ይላል።

«እንደገና!»

እንደገና ማለት ሞተሩን ሽቅብ መልሶ መግፋት ማለት ነው። ከመንደራቸው ከጥቁር ድንጋይ እስከ መሐል ሜዳ ከተማ ባለው መንገድ ሁሉ እንደ እነሱ ቤት ደጃፍ ያለ ለሞተር ማስነሻ የሚመች ቁልቁለት የለም፤ ችግሩ ማንኛውም ቁልቁለት ዞር ሲሉ ዳገት መሆኑ ነው። አባትና ልጅ እያለከለኩ መለሱት። በአራተኛው ዙር፣ የፅዮን እግር የራሷ አልመስል ሲላት፣ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሣ። አባቷ እንዳይጠፋባቸው ነዳጅ እየሰጡ ጠበቋትና ከኋላቸው ተፈናጠጠች። ላቧ ጀርባዋ ላይ ሲቀዘቅዝ ይሰማታል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ፈተና ነበረባት።

ትንሽ እንደሄዱ አባቷ በትከሻቸው ላይ ዞር ብለው ተናገሩ።

«በቃኝ ልጄ። ይኼ ሞተር ሁለት ጊዜ ተበይዷል፣ ሦስተኛ አይበየድም። ቅዳሜ አዲስ እንገዛለን።»

«እውነት አባባ?»

«እውነት። ብሩ ሞልቷል። ሌላ ቶርካ ይሁን ወይስ ያ ሊንዞ የሚሉት፣ እሱን ግን እኔ እንጃ። ሳስብ ሳስብ ደከመኝ። አንቺ ምረጪ። የምትገፊው አንቺ ነሽ።»

ሌላ ሳምንት ቢሆን ፅዮን ከሞተሩ ላይ እስክትወድቅ ትጮህ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ፣ ይኸው ሁለተኛ ዓመቷ፣ ጠዋት ጠዋት እየገፋች ነው። ዛሬ ግን «እሺ አባባ» አለችና ግንባሯን በርኖሳቸው ላይ አስደገፈች።

«ደከመሽ እንዴ?»

«አይ።»

ደክሟታል። ዝም ያሰኛት ግን ድካሙ አይደለም። ትናንት ማታ ሞተሩን ወፍራሙን የሱፍ ዝተት ያለበሰችው ሆን ብላ፣ ለሙከራ ነበር። ሙከራው ደግሞ ተሳክቶላታል፤ ባይሳካላት ይሻል ነበር።

ጥቁር ድንጋይ ውስጥ አራት ሞተሮች አሉ። አራቱም ቶርካ ናቸው፣ አራቱም ቀይ ናቸው፣ ይህም እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። ድሮ የታመመ ሰውና ምጥ የያዛት ሴት መሐል ሜዳ የሚደርሱት በቃሬዛ ነበር፤ ስምንት ጎልማሳ እየተቀባበለ፣ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ። ሞተር ሲመጣ የቃሬዛው እድር ተሰበሰበና ወሰነ። ሞተር የሚገዛ ቶርካ ይገዛል። መለዋወጫው ሁሉ በአንድ ሣጥን ይቀመጣል። የአንዱ ሞተር ዕቃ ቢሰበር ከሣጥኑ ይወሰዳል፣ ከሣጥኑ ቢታጣ ከጎረቤት ሞተር ይፈታል። እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ ቢያንስ አንዱ ለበሽተኛ ይደርሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይሉ ነበር አቶ ባስልዮስ። ሰሞኑን ግን ይህን ሲሉ የሰማቸው የለም።

የመጀመሪያውን ሞተር የገዙት እሳቸው ናቸው። አቶ ባስልዮስ ገብስ አራሽ፣ ከዚያም በላይ የሱፍ ሸማኔ ናቸው። ሞተሩ ደጃቸው ባደረ በመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ አጡ። በቅሎ ልብስ ይለብሳል፣ በሬ እንኳ ቤት ይገባል፣ ይህን የሚያህል ውድ ብረት እንዴት ብሎ ነው ራቁቱን ውርጭ ላይ የሚያድረው? ተነሡና ከቡናማ በጎቻቸው ሱፍ በእጃቸው የሠሩትን ከባድ ዝተት አለበሱት። ጎረቤት አየ፣ ጎረቤትም አለበሰ። ከዚያ ወዲህ የጥቁር ድንጋይ ሞተሮች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይለብሳሉ፣ ጎሕ ሲቀድ ይገፈፋሉ። የመሐል ሜዳ ሰው «እነሱማ ሞተራቸውን አቅፈው ሳይተኙ አይቀሩም» እያለ ይስቃል። በነፅዮን ቤት የማልበሱም የመግፈፉም ሥራ የፅዮን ነው።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ የኅዳሩ ነገር ግን አያስቅም። አንድ ማለዳ የጎረቤታቸውን የአፈወርቅን ሚስት አመተሥላሴን ምጥ ጠናባት። አፈወርቅ የራሱን ሞተር ረገጠ፣ አልተነሣም። ወደ አቶ ባስልዮስ ሮጠ፣ የሳቸውም አልተነሣም። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንዲሁ። ወንዶቹ እስኪያልባቸው ገፉ። በመጨረሻ የሸረሪት ድር ያደራበትን ቃሬዛ ከሰቀላው አወረዱ። አቶ ባስልዮስ ከሞተራቸው ላይ በገፈፉት ዝተት አመተሥላሴን ሸፈኗትና ተሸክመዋት ሄዱ። ልጁ መንገድ ላይ፣ በድንጋይ ካብ ጥግ ተወለደ። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። እናቱ ግን ብዙ ደም ፈሰሳት፤ ይኸው ወር አልፎም ካልደገፏት ከመደቡ አትነሣም።

«ከዳን» አሉ ያን ቀን አቶ ባስልዮስ ሞተሩን እያዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአፈወርቅን ቤት አልረገጡም። የሊንዞ ወሬም በነፅዮን ቤት የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሒሳቡ ፈተና ካለቀ በኋላ ፅዮን ከክፍሉ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ከአሥሩ ጥያቄ ሦስቱን አልነካቻቸውም። ጣቷ እስክሪብቶ አልይዝ ብሎ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት እጇን በማሸት አሳልፋዋለች። ጓደኛዋ ኮከቤ መጥታ አጠገቧ ዘፍ አለች። ኮከቤ የከተማ ልጅ ናት፤ ቤቷ ከትምህርት ቤቱ በር ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል።

«ፅዩ፣ ዛሬም ገፍተሽ ነው የመጣሽው? ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል።»

«ቅዳሜ አዲስ ልንገዛ ነው። ምረጪ ተባልኩ።»

«ምን? አንቺ?» ኮከቤ ስልኳን ከኪሷ መዝዛ አወጣች። «ሊንዞ ነዋ! ሌላ ምን አለ? እይው፣ እይው ይኼን ሰማያዊ። በአውራ ጣት ቂጭ፣ በቃ። ፀጉርሽ እንኳን ሳይበላሽ ክፍል ትገቢያለሽ። ቶርካ እኮ አሁን ሼም ነው፣ የፋራ ሞተር!»

ቪዲዮው ላይ አንድ ጓንት ያጠለቀ እጅ ቁልፍ ይነካል፣ ሰማያዊው ሞተር ወዲያው ይነሣል። ፅዮን ይህን ቪዲዮ ሰባት ጊዜ ሳታየው አልቀረችም። በሕልሟም አይታዋለች።

«እድሩስ? ሊንዞ ከገዛን ከሣጥኑ ወጣን ማለት ነው። የኛ ዕቃ ለነሱ አይሆንም፣ የነሱም ለኛ አይሆንም።»

«አቦ ተይኝ! እንደዚያ ከሆነ እድሩ ይግፋልሻ!»

ፅዮን ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ ስምንት ሰው እንደሚሸከመው ነገር የከበዳትን ምስጢር አወረደችው።

«ባለፈው ሐሙስ ማታ ማልበሱን ረሳሁት። ደክሞኝ ደብተሬ ላይ ተኛሁ። ጠዋት ስወጣ መቀመጫው ላይ ውርጭ ጋግሮበታል። አለቀልኝ አልኩ። አባባ ሳያዩ ጠራረግኩት። መጡና ረገጡት።»

«እሺ?»

«በአንድ ርግጫ ተነሣ።»

ኮከቤ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች።

«ዕድል ነው ብዬ ዓርብም ተውኩት። በአንድ ርግጫ። ቅዳሜ አለበስኩት፣ እሑድ ጠዋት ሞተ። እሑድና ሰኞ ሳላለብሰው አደረ፣ ተነሣ። አባባ ‹ዛሬስ እግዜር ረዳን› ይላሉ። ትናንት አለበስኩት።»

«ዛሬ ስንት ጊዜ ገፋሽ?»

«አራት ጊዜ። ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ ኮከቤ። ዝተቱ ነው።»

ኮከቤ ወደ እሷ ተጠጋች። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ጩኸት ይሰማል።

«ለማን ነግረሻል?»

«ላንቺ ብቻ።»

«እንግዲያው ዝም በያ። ዝም አይነቅዝም። ሊንዞውን ይግዙልሽ፣ አንቺ ማታ ማታ አታለብሺውም፣ ማንም አይጎዳ። አባትሽ ይህን ቢሰሙ ደግሞ…» ኮከቤ አልጨረሰችውም። የአመተሥላሴን ነገር መሐል ሜዳም ሰምቷል።

«ሌሎቹ ሦስት ሞተሮችስ? እነሱም እየለበሱ ነው የሚያድሩት።»

ኮከቤ ስልኳን አጠፋችና ኪሷ ከተተችው። «እሱን እንጃ» አለች፤ ፌዙ ከድምጿ ጠፍቷል።

ፅዮን ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ የምትል ዓይነት ልጅ ናት፤ ይህ ጠባይዋ በትምህርት ጠቅሟት ያውቃል፣ በቤት ግን ብዙ ጊዜ አስቆጥቷታል። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ማሳ ነበሩ። መፍቻ ይዛ ከሞተሩ ጎን ተቀመጠችና ሞተሩ አየር የሚስብበትን ፊልትሮ ፈታች። ውስጡ የወፍ ጎጆ ይመስላል። ቡናማ ሱፍ፣ ከአቧራና ከዘይት ጋር ተጋግሮ፣ እንደ ረጠበ። ሞተሩ ገና ትኩስ እያለ ዝተት ሲጫንበት፣ ጠዋትም ሲገፈፍ፣ ብናኙ እየተሳበ ለዓመታት ገብቷል ማለት ነው። ዝተቱ ደግሞ ሌሊቱን ጤዛ ጠጥቶ ያን ሱፍ ያረጥበዋል። አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ ታፍኖ የሚያድር ሰው ጠዋት እንዴት ይነሣል? መሐል ሜዳ ያለው መካኒክም ሞተሩን የሚያየው ሁልጊዜ ተነሥቶ፣ ሞቆ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ካንዴላ ይቀይራል፣ «አቧራ ነው» ይላል፣ ይሸኛቸዋል።

ከሱፉ ቆንጠር አድርጋ ከደብተሯ በቀደደችው ወረቀት ጠቀለለችው። የቀረውን አጽድታ ፊልትሮውን መለሰችው።

በማግስቱ አባቷ «ይቺን መፍቻ ለአፈወርቅ መልሺ፣ የሣጥኑ ናት» ብለው ላኳት። ራሳቸው መሄድ ይችሉ ነበር፤ ቤቱ ከአጥራቸው ቀጥሎ ያለው ነው። አፈወርቅ አልነበረም። ሞተሩ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል፣ ነጭ ዝተቱ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ፅዮን ግራ ቀኝ አየች፣ መፍቻዋ እጇ ላይ ናት። ፊልትሮውን ፈታችው። ውስጡ ነጭ ሱፍ ነበር። መልሳ ገጠመችው።

«ማነው?» አለ ከቤት ውስጥ ደካማ ድምፅ።

«እኔ ነኝ፣ ፅዮን።»

«ግቢ እንጂ ልጄ።»

አመተሥላሴ መደብ ላይ ተጋድማለች፤ ሕፃኑ ብብቷ ሥር ተኝቷል። ፊቷ ላይ የቀረ ደም ያለ አይመስልም። ፅዮን በሩ ላይ ቆመች፤ እጇ ዘይት በዘይት ነበርና ከኋላዋ ደበቀችው።

«ጋሼ ባስልዮስ ደህና ናቸው? እግራቸውን ከቤቴ ነቀሉት እኮ። ልጁ ክርስትና ሊነሣ ስንት ቀን ቀረው? ሳያዩት?»

«ሥራ በዝቶባቸው ነው።»

«ሥራ!» አለች አመተሥላሴ፤ ዓይኗን ጨፈነች። «ንገሪያቸው። የምነግራቸው አለኝ።»

ፅዮን አልነገረቻቸውም። ምን ሊሆን ይችላል የምትነግራቸው? መውቀስ ነው እንጂ! አባቷ በእነዚህ ሳምንታት አርጅተዋል። ሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው መወርወሪያውን ይዘው ዝም ብለው ሲቀመጡ ሁለት ጊዜ አግኝታቸዋለች። ሞተሩ ከዳን ብለው እንኳን እንዲህ የሆኑ ሰው፣ የከዳን በእጄ የሠራሁት፣ ለጎረቤት ሁሉ ያስተማርኩት ዝተት ነው ቢሉ ምን ሊሆኑ ነው? በዚያ ላይ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ፅዮን ሰማያዊውን ሞተር ትፈልገዋለች። በጣም ትፈልገዋለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ የሰባ ዓመት ሰው ጉልበት ሆኗል።

ቅዳሜ በገበያ መኪና ተሳፍረው መሐል ሜዳ ወረዱ። ወረቀቱ ጃኬት ኪሷ ውስጥ ነበር፤ ለምን እንደያዘችው ራሷም አላወቀችም። ከሞተር መሸጫው ፊት ለፊት ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ቀዩ ቶርካና ሰማያዊው ሊንዞ። ሻጩ ገዥ ሲያይ ምላሱ የሚለሰልስ ዓይነት ሰው ነው።

«ቶርካ እግር ይፈልጋል አባቴ፣ ሊንዞ ጣት ብቻ። ሞክሪው እስቲ እህቴ።»

ፅዮን ቁልፉን ነካች። ሞተሩ ተነሣ። እንደ ቪዲዮው፣ እንደ ሕልሟ። የመሪው ንዝረት በመዳፏ አልፎ ክንዷ ድረስ ወጣ። ሳታስበው ሳቀች። ቀና ስትል አባቷም ፈገግ ብለዋል። ከኅዳር ወዲህ ጥርሳቸውን አይታ አታውቅም።

«ወደድሽው?»

«ወደድኩት አባባ።»

«እንግዲያው ተገላገልን።» አቶ ባስልዮስ በሻካራ መዳፋቸው ሰማያዊውን ታንከር ዳሰስ አደረጉ። «ይቺንማ በብርድ አላስመታትም። እናትሽ ፈትላ ጨርሳለች፤ ድርብ ዝተት ጀምሬላታለሁ፣ የዚያን እጥፍ የሚወፍር። ብርድ የሚባል ነገር አያውቃትም።»

የፅዮን ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሞተሩን አጠፋችው። አባቷ ከሐዘናቸው ለመውጣት የሄዱበት መንገድ ዞሮ ዞሮ ያው ዝተት ነው። ይህን ለማስቆም ደግሞ ከእሷ ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም።

«አባባ፣ ይህን ይዩልኝ።»

ወረቀቱን ፈታ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ተቀበሏት፣ ሱፉን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት። ሸማኔ ናቸው፤ ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም።

«የኛ በግ ነው። የት አገኘሽው?»

«ሞተሩ ውስጥ። ፊልትሮው ውስጥ። የአፈወርቅንም አየሁት፣ የሱ ነጭ ነው።» የረሳችውን ሐሙስ፣ የዓርቡን ርግጫ፣ የለበሰበትንና ያልለበሰበትን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። «ውርጩ አይደለም አባባ። ሞተሩም አልከዳንም።»

ሻጩ ነገሩ የቤተሰብ መሆኑን አይቶ ወደ ውስጥ ገባ።

አቶ ባስልዮስ መሸጫው ደጃፍ ካለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ገበያተኛው እህሉን በአህያ ጭኖ በፊታቸው ያልፋል፤ አንዳንዱ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፣ አይመልሱም። ፅዮን ፊታቸውን ማየት አቃታትና ጫማዋን አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ስምንት ቀኔ።»

«ስምንት ቀን ይህን ብቻሽን ይዘሽ ዞርሽ?»

ይቆጣሉ ብላ ነበር። ድምፃቸው ግን ቁጣ የለበትም፤ ሌላ ሰው የተሸከመውን ሲያዩ የሚወጣ ድምፅ ነው። ያኔ እንባዋ መጣ።

«ሊንዞውን ስለፈለግሁ ነው» አለች። «በዚያ ላይ ለእርስዎ አዘንኩ።»

አቶ ባስልዮስ ሱፉን በወረቀቱ መልሰው ጠቀለሉትና ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ተነሥተው በሁለቱ ሞተሮች መካከል ቆሙ።

«ምርጫው ያንቺ ነው ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። የትኛው ይሁን?»

ፅዮን ሰማያዊውን አየችው። አሁንም ያምራል፤ እውነቱን ስለተናገረች አልደበዘዘም። ከዚያ ሣጥኑን አሰበች። አራቱም ሞተሮች ሲያስሉ የኖሩት በዝተት ነው እንጂ በቶርካነታቸው አይደለም። አሮጌው ሞተራቸው ተፈትቶ ሣጥኑ ውስጥ ቢገባ ለሦስቱ ጎረቤቶች ስንት ዓመት ይሆናል፣ ለአዲሱም ይሆናል። ሊንዞ ከገዙ ግን ብቻቸውን ናቸው።

«ቀዩ» አለች። እግሯ በዚያች ደቂቃ ከምንጊዜውም በላይ ደክሟት ነበር።

ወደ ቤት የተመለሱት በአዲሱ ሞተር ነው። ቤታቸው በር ላይ ደርሰው አልቆሙም፤ አለፉና አፈወርቅ ደጅ ሞተሩን አጠፉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። አፈወርቅ እሳት እያነደደ ነበር፣ አመተሥላሴ መደቡ ላይ ናት። አቶ ባስልዮስ ተቀመጡ ሲባሉ አልተቀመጡም። ቆመው፣ ወረቀቱን ፈትተው፣ ነገሩን ከፅዮን ባጠረ ቃል ተናገሩ።

«ሞተሮቹን ያፈናቸው ዝተቱ ነው። ማልበስን ለሁላችሁም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በደሉ የኔ ነው።»

አፈወርቅ የእንጨቱን ጫፍ ወደ እሳቱ ገፋ። «እኔም አልብሼዋለሁ ጋሼ» አለ ቀና ሳይል። «እጄን ይዞ ያስለበሰኝ የለም።» ሌላ አልጨመረም፤ ይቅር ብሎ ይሁን ተቀይሞ ከፊቱ አይታወቅም።

አመተሥላሴ በክንዷ ተደግፋ ቀና ለማለት ሞከረች። ፅዮን ሮጣ ደገፈቻት።

«የትኛው ዝተት ነው?» አለች። «ያ ቡናማው? ቃሬዛው ላይ የሸፈኑኝ?»

«እሱ ነው።»

«ልነግርዎ የፈለግሁትማ ስለሱ ነበር።» ትንፋሽ አጠራትና አረፍ አለች። «መንገዱን ሁሉ እሱን ተጠቅልዬ ነው የሄድኩት። ያን ዕለት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ይኼም ልጅ ሲወለድ በእሱ ነው የጠቀለሉት። ያ ዝተት ባይኖር ሁለታችንም አልቀን ነበር፣ ላመስግንዎት ብዬ ስጠብቅ ስጠብቅ ቀሩ። አሁን ደግሞ ያስቀረን እሱ ነው ይሉኛል።» ሕፃኑን አየችው። «ልርገመው ወይስ ልመርቀው? እንጃ። ደክሞኛል ጋሼ። ይቀመጡ።»

አቶ ባስልዮስ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ልጅ አለቀሱ። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። ሲወጡ አመተሥላሴ «ለክርስትናው እንዳይቀሩ» አለቻቸው። አፈወርቅ ሰኞ ሐኪም ቤት መመለስ እንዳለባት፣ የሱ ሞተር እስኪጸዳ ግን እንዴት እንደሚወስዳት እንደጨነቀው ተናገረ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አዲሱ ቀይ ሞተር የነፅዮን ግቢ መካከል ቆሞ ነበር። አቶ ባስልዮስ ከቤት ወጡ። ልማድ ክፉ ነው፤ ቡናማው ዝተት ክንዳቸው ላይ ነበር። ሞተሩ አጠገብ ሲደርሱ የያዙትን አዩና ቆሙ።

«ዛሬ ውርጭ ይጥላል» አሉ።

«ይጥላል አባባ።»

«አዲስ ነው እኮ። ራቁቱን…»

ፅዮን ዝተቱን ከክንዳቸው ወሰደች። ከባድ ነው፣ እስካሁን የሱፍና የነዳጅ ሽታ አለው። ዘርግታ በአባቷ ትከሻ ላይ ጣለችው። እሳቸውም አልከለከሏትም፤ ጫፉን ሰብሰብ አድርገው ደረታቸው ላይ ያዙት። ጎን ለጎን ቆመው ሞተሩን አዩት።

«ሰኞ አመተሥላሴን ይውሰዷት» አለች ፅዮን።

«ሰኞ ፈተና አለብሽ አላልሽኝም? ሁለት ሰው ከኋላ አልጭንም። በእግር ሁለት ሰዓት ነው።»

«አውቃለሁ።» ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች፤ ሶሉ ከአንድ ወገን መላቀቅ ጀምሯል። ነገ መስፋት አለባት። «ሰኞ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይቀስቅሱኝ።»